«ጨርሰናል» ካልን በኋላ፦ የተለመደ ቀዶ ሕክምና ስውር አደጋ

(በጤና ሳይንስ ኮሌጅ የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የርዕሱ ምርጫ ለእኔ የተተወ ስለ ነበር ስለ አንድ አስቸጋሪና ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅ ቀዶ ሕክምና እንድናገር የጠበቃችሁ ትኖሩ ይሆናል። እኔ ግን የመረጥሁት ተቃራኒውን ነው። የምናገረው በየዕለቱ ስለምንሠራው፣ ለተማሪ ስለምንሰጠው፣ በመዝገብ ላይ በአንድ መስመር ስለሚያልቀው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ስለ ቡአ፣ ስለ ትርፍ አንጀት፣ በቀዶ ሕክምና ስለ ማዋለድ። «ቀላል» የምንለው ይህን ነው። ይህ ቃል ማንን እንደሚገልጽና ማንን እንደሚሸፍን ዛሬ አብረን እንድንመረምር እፈልጋለሁ።

ነገሬን የምጀምረው ከአንዲት ከተማ ነው። ጋሸና በሰሜን ወሎ ደጋ ላይ፣ ሦስት ሺህ ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የምትገኝ የመንገድ መገንጠያ ናት። ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር የሚሻገረው መንገድ በውስጧ ያልፋል፤ ወደ ላሊበላ የሚወስደውም 64 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከዚያው ወደ ሰሜን ይገነጠላል። የአካባቢው ሰው ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልገው ወይ ወደ ላሊበላ፣ ወይ ወደ ወልድያ፣ ወይም ከዚያ አልፎ ወደ ደሴ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። ታክሞ ሲመለስም በጋሸና ያልፋል። ከመኪና ወርዶ ቀሪውን መንገድ በእግር፣ በበቅሎ፣ ዕድል ከቀናው ደግሞ በጭነት አይሱዙ ላይ ተሳፍሮ ይጨርሳል። እኔም ያደግሁት ከዚያ መንገድ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ ነው። ቢሆንም ሐኪም ከሆንሁ በኋላ ለብዙ ጊዜ ያንን መንገድ የቀዶ ሕክምናው አካል አድርጌ አላየሁትም ነበር። እንዳየው ያደረገኝን አጋጣሚ ልንገራችሁ።

ከጦርነቱ ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል ስሠራ፣ ወደ ስድሳ ዓመት የሚጠጋቸው አንድ አርሶ አደር የብሽሽት ቡአ ይዘው መጡ። ቡአው ብዙ ዓመት አብሯቸው ኖሯል። መኸሩ እስኪሰበሰብ ጠብቀው በወርኃ ጥር መጡ፤ ሐሳባቸው እስከ ቀጣዩ እርሻ ድረስ አገግመው ሞፈር መጨበጥ ነበር። ከወገብ በታች በሚያደነዝዝ መድኃኒት ሠራንላቸው። ሥራው ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ወሰደ። ደም አልፈሰሰም፤ የደም ግፊታቸውም አልወረደም። በማግሥቱ ቆመው ተራመዱ፣ ሽንታቸውን ሸኑ፣ ምግብ በሉ። በሁለተኛው ቀን ከአልጋቸው አጠገብ ቆሜ «አባባ፣ ጨርሰናል፤ ከእንግዲህ በሰላም ይግቡ» አልኋቸው። እጄን ይዘው መረቁኝ። በመውጫ ወረቀታቸው ላይ «በመልካም ሁኔታ ወጥተዋል» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ።

ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ ለገና ወደ ቤተሰቦቼ ስጓዝ ጋሸና ላይ ሻይ ለመጠጣት ወረድሁ። የላሊበላ መንገደኛ ከተማዋን ሞልቷት ነበር። አንድ ወጣት ትክ ብሎ አየኝና ቀርቦ ነጠላውን አደግድጎ ሰላምታ ሰጠኝ። «ዶክተር፣ አላወቁኝም፤ አባቴን ቡአ የሠሩላቸው እርስዎ ነዎት፤ አስታምሜ የነበርሁት እኔ ነኝ» አለኝ። አባቱ እንዴት እንደሆኑ ጠየቅሁት። «ዐረፉ» አለኝ። ከእኛ ዘንድ ከወጡ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ነበር።

ልጁ አንዳች የቁጣ ቃል አልተናገረም። ነገሩን በዝግታ ነገረኝ። በአምስተኛው ቀን ቁስሉ ዙሪያውን ቀላና አበጠ፤ በሰባተኛው መግል ያዘ፤ ማታ ማታ ብርድ ብርድ ይላቸው ጀመር። ከመድኃኒት ቤት እንክብል ተገዛላቸው። ከዚያ በኋላ እህል አልወስድ አሉ፤ ንግግራቸውም ተዘበራረቀ። በቃሬዛ ተሸክመው ወደ መኪና መንገድ ሲያወጧቸው መንገድ ላይ አለፉ። «ለምን ቀደም ብላችሁ አልመለሳችኋቸውም?» አልሁት። ዛሬም ድረስ የሚሰማኝን መልስ ሰጠኝ፤ «እኛማ እንመለስ ብለናቸው ነበር። ዶክተሩ ጨርሰናል ብሎኛል፤ ይህ የቁስል ጠባይ ነው፤ ሰው አላስቸግርም አሉን» አለኝ።

አስከሬናቸው አልተመረመረምና የሞታቸውን ምክንያት በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ምልክቶቹ ግን ከቁስል ተነሥቶ ወደ ደም የዘለቀ ኢንፌክሽንን ያመለክታሉ። በእርግጠኝነት የማውቀው ሌላ ነገር አለ፤ እኒያ ሰው በመዝገባችን ላይ እስከ ዛሬ የተሳካ ቀዶ ሕክምና ሆነው ተቆጥረዋል። በዚያ ዓመት የአገልግሎት ሪፖርታችን ውስጥ ከቡአ ታካሚዎቻችን አንድም የሞተ አልነበረም።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው። የተለመደ ቀዶ ሕክምና ትልቁ ስውር አደጋ ያለው ቢላዋው ላይ አይደለም፤ እኛ ሥራው አለቀ ብለን ዓይናችንን ካነሣንበት ጊዜ በኋላ ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። ስውር ያደረገውም በሽታው አይደለም፤ የእኛ አቆጣጠር ነው።

ይህ የአንድ ሐኪም ጸጸት ብቻ እንዳይመስላችሁ ወደ ጥናቶቹ ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የአፍሪካ ቀዶ ሕክምና ውጤት ጥናት በ25 አገሮች፣ በ247 ሆስፒታሎች 11,422 ታካሚዎችን ተከታትሏል። ታካሚዎቹ በአመዛኙ ወጣቶችና ሌላ በሽታ ያልተደራረበባቸው ነበሩ፤ ስለዚህ ከሌላው ዓለም ታካሚ ያነሰ ሞት ይጠበቅ ነበር። የተገኘው ግን የዓለም አማካይ እጥፍ የሆነ ሞት ነው፤ ከመቶ ታካሚዎች 2.1። ከመቶ 18 ያህሉ አንድ ዓይነት ተከታይ ችግር ደርሶባቸዋል፤ ከችግሮቹም ቀዳሚው ኢንፌክሽን ነበር። ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉት የምፈልገው ግን ይህን ነው፦ ከሞቱት ከመቶ 94 ያህሉ የሞቱት ቀዶ ሕክምናው ከተደረገበት ቀን በኋላ ነው። ሕዝባችን የሚፈራው «ከማደንዘዣው ሳልነቃ ብቀርስ» የሚለውን ነው። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም፤ ቁጥሩ ግን ወደ ሌላ ቦታ ያመለክታል። አብዛኛው ሰው የሚሞተው ነቅቶ፣ ቤተሰቡን አነጋግሮ፣ ተኝቶ መታከሚያ ክፍል ውስጥ ነው።

ከዚሁ ጥናት የተገኘውና በቀዶ ሕክምና የወለዱ እናቶችን የሚመለከተው መረጃ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቷል። በ22 የአፍሪካ አገሮች ከሺህ እናቶች አምስት ያህሉ ሞተዋል። ይህ በበለጸጉ አገሮች ከሚታየው በ50 እጥፍ ይበልጣል። ቀዶ ሕክምናው ግን አንድ ነው፤ የሚቀደደው ቦታ፣ ክሩ፣ ስፌቱ ሁሉ ተመሳሳይ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው በዙሪያው ያለው ነው፦ እናቲቱ ስንት ሰዓት ዘግይታ ደረሰች? ደም አለ? ሌሊት የልብ ምቷን የሚቆጥር ነርስ አለ? ያ ነርስ የስንት አልጋ ኃላፊ ነው? ስለዚህ «ቀላል» የሚለው ቃል የሐኪሙን እጅ ሥራ እንጂ የታካሚውን ዕጣ አይገልጽም።

አሁን ደግሞ በጥናቶቹ ራሳቸው ላይ አንድ ጥያቄ ላንሣ። ይህ ሁሉ የተቆጠረው ታካሚው ሆስፒታል ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። የአፍሪካው ጥናት እስከ 30 ቀን የሚከታተለው ሰውየው ካልወጣ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሞ የዓለም ጤና ድርጅትን የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ቅጽ ያስፋፋው ዝነኛው ጥናትም፣ በስምንት ከተሞች ሞትን ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ዝቅ ማድረጉን ያሳየው፣ የለካው የሆስፒታል ውስጥ ውጤት ነው። በሌላ በኩል ግን የቀዶ ሕክምና ቁስል ኢንፌክሽን በዓለም አቀፍ ትርጓሜው፣ ሰው ሠራሽ አካል ካልተተከለ በቀር፣ እስከ 30ኛው ቀን የሚታየውን ሁሉ ያጠቃልላል። የእኛ የቡአ ታካሚ በሁለተኛው ቀን፣ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ትወጣለች። ቁስል የሚያመረቅዘው ባብዛኛው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በ30 ቀን የሚለካውን ነገር በሦስት ቀን ዘግተን ውጤታችን መልካም ነው እንላለን። የቀሩት 27 ቀናት ጋሸና መገንጠያ ላይ፣ በበቅሎ መንገድ ላይ፣ ጭስ ባለበት ጎጆ ውስጥ የሚያልፉ ናቸው።

ማረጋገጫ ቅጹን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት፣ ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት፤ ሦስት ማቆሚያዎች አሉት። ሕይወት ያዳነ መሣሪያ ነውና ላቃልለው አልፈልግም። ነገር ግን ሦስቱም ማቆሚያዎች ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ወዲህ ናቸው። ከበሩ ወዲያ ላለው መንገድ አራተኛ ማቆሚያ የለንም።

በአገራችን የተሠራ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ባለሙያዎች በማስተርስ ደረጃ ሠልጥነው ከዋና ከተማ ርቀው ወደሚገኙ ሆስፒታሎች መሠማራታቸው ብዙ እናቶችን ከሞት አትርፏል። ከዚያም ጤና ሚኒስቴር በአስተማማኝ ቀዶ ሕክምና ሕይወትን ማዳን የሚለውን ብሔራዊ ዕቅድ አውጥቶ ሠርቶበታል። በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተሞከረውና ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ያስተባበረው የቁስል ኢንፌክሽን መከላከያ ሥራ ደግሞ ለዛሬው ርዕሳችን ትልቅ ትምህርት አለው። አዲስ ማሽን አላመጣም። የተመለከተው ስድስት ነገሮችን ነው፦ የእጅና የቆዳ ንጽሕና፣ የመሸፈኛ ጨርቅና ጋዋን ቀዳዳ የሌለበት መሆን፣ የመሣሪያዎች በትክክል መቀቀል፣ የፋሻ ቆጠራ፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በሰዓቱ መሰጠት፣ ማረጋገጫ ቅጹን በትክክል መጠቀም። ውጤቱም የኢንፌክሽንን ዕድል በሲሶ ገደማ መቀነስ ነበር። ሲሶ ማለት ብዙ ነው።

ከስድስቱ ስለ አንዱ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ጥቂት ልበል። ቁስል እንዳያመረቅዝ የሚሰጠው መድኃኒት ቆዳ ከመቀደዱ በፊት በአንድ ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። ቢላዋው ሲገባ መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ቀድሞ መገኘት አለበትና ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ይህችን ሰዓት እናሳልፍና በኋላ ለአምስት፣ ለሰባት ቀን እንክብል እናዝዛለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ መከላከያውን ማራዘም እንደማይገባ አስታውቋል፤ ጥቅም የለውም፣ መድኃኒት የማይበግረው ተሕዋስ ያፈራል። ለአርሶ አደሩ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። እንክብል ይዞ የሄደ ሰው «መድኃኒቴን እየወሰድሁ ነው» ብሎ ቁስሉ ሲያብጥ ይታገሣል። ያዘዝንለት እንክብል እንዳይመለስ ያዘገየዋል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ቀላል መልስ እንዳልሰጣችሁ የሚያስጠነቅቅ ጥናት አለ። ያው የአፍሪካ ተመራማሪዎች ቡድን የመጀመሪያውን ውጤት ካየ በኋላ፣ ለአደጋ የተጋለጡ ታካሚዎችን ለይቶ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በቅርብ መጠበቅ ሞትን ይቀንስ እንደሆን በ28 አገሮች፣ ከ300 በሚበልጡ ሆስፒታሎች ፈተነ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ውጤት አሳዛኝ ነበር፤ የሆስፒታል ውስጥ ሞት አልቀነሰም። እኔ ከዚህ የምማረው ጥበቃ ከንቱ ነው የሚለውን አይደለም። ማየት ብቻውን አያድንም የሚለውን ነው። ትኩሳቱ ቢለካና የሚጠራ ሐኪም ባይኖር፣ ሐኪሙ ቢመጣና ደም ባይኖር፣ ቴርሞሜትሩ ብቻውን ምን ያደርጋል? በሰሜን ወሎ ይህ ይበልጥ ግልጽ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጋሸና ራሷ የጦር ግንባር በሆነችበት ወቅት የአካባቢው ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ወድመዋል። በዚያ ሁኔታ ውስጥ የሚሠራን ነርስ «ለምን በቅርብ አልተከታተልሽም?» ብሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ስለዚህ በእጃችን ባለው አቅም ልንጀምረው የምንችለውን ብቻ ልጠቁም።

አንደኛ፣ ታካሚን ከማስወጣታችን በፊት ስለ ቁስሉ ብቻ ሳይሆን ስለ መንገዱ እንጠይቅ። ከመኪና ወርደው ስንት ሰዓት ይሄዳሉ? በቅርብ ያለው ጤና ኬላ የት ነው? ቢብስብዎ ማን ይሸከምዎታል? መንገዱ ረጅም ለሆነ ሰው ሁለት ቀን መጨመር ቅንጦት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ምክራችን በሰውየው ሕይወት ቋንቋ ይሁን፤ አስታማሚውም ይስማው። «ከባድ ነገር አያንሡ» ማለት ለአርሶ አደር ምንም ማለት አይደለም። ቀንበር ነው? የእንሥራ ውኃ ነው? «ቁስሉን ውኃ አያስነኩ» ስንልም፣ በላስታ ምድር የሚኖር ሰው ጠበል ሊሄድ እንደሚችል እያወቅን ዝም ማለት አይገባንም። ቁስሉ እስኪደርቅ ጠበሉን ይጠጡት እንጂ በቁስሉ ላይ አያፍስሱት ብንለው በአክብሮት ይሰማናል። የአደጋ ምልክቶቹን ደግሞ በአራት ቃል ልንነግረው እንችላለን፦ ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ከጨመረ፣ ቁስሉ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ፣ ብርድ ብርድ ካለ፣ እህል አልወስድ ካለ፤ በዚያው ዕለት ይመለስ።

ሦስተኛ፣ ወደ ሆስፒታል የላከን ጤና ጣቢያ ታካሚው መመለሱን ይወቅ። ሪፈር ወረቀት ወደ ላይ ሲወጣ እንጂ ወደ ታች ሲወርድ ብዙ ጊዜ አላየሁም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በሰባተኛው ቀን ቁስሉን ብታይ፣ እኛ ደግሞ ስልክ ብንደውል፣ ቢያንስ የሚያስፈራው ከማያስፈራው ይለያል። የአገራችን ሰው «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው ለዚህ ነው።

አራተኛ፣ መዝገባችን የ30ኛ ቀን ዓምድ ይኑረው። ዓምዱ ባዶ ከሆነ «አልታወቀም» ይባል እንጂ «መልካም» አይባል። ይህን በተለይ ለእናንተ ለተማሪዎች እናገራለሁ። በመመዘኛ ደብተራችሁ ላይ የሠራችኋቸው ቀዶ ሕክምናዎች ብዛት ይቆጠራል። ከእነርሱ መካከል በወሩ ስንቶቹ ወደ ሥራቸው እንደተመለሱ ግን ማንም አይጠይቃችሁም። እናንተ ራሳችሁን ጠይቁ።

ከመጨረሴ በፊት አንድ ነገር እንዳይዛባ እፈልጋለሁ። ይህን ንግግር የሰማ ሰው ቀዶ ሕክምናን ፈርቶ እንዲሸሽ አልሻም። ያልተሠራ ቡአ አንድ ቀን አንጀት አንቆ ሊገድል ይችላል፤ ምጥ የጠናባት እናት ያለ ቀዶ ሕክምና ወይ ትሞታለች ወይ በፊስቱላ ትሠቃያለች። እ.ኤ.አ. በ2015 የላንሴት የዓለም ቀዶ ሕክምና ኮሚሽን እንዳስታወቀው አምስት ቢሊዮን ሰው አስተማማኝና አቅሙ የሚፈቅደው ቀዶ ሕክምና አያገኝም። የአገራችን ትልቁ ችግር ዛሬም ቀዶ ሕክምና ማነሱ ነው። እንዲበዛ እንፈልጋለን፤ ሲበዛ ደግሞ ሰው አምኖን ይመጣል። አምኖን የመጣውን ሰው በመገንጠያው ላይ ብቻውን መተው ግን አይገባንም።

እኔ ከዚያች የገና ዋዜማ ወዲህ በታካሚ አልጋ አጠገብ «ጨርሰናል» የሚለውን ቃል አልናገርም። አሁን የምለው ይህ ነው፦ «የእኛ ድርሻ ግማሹ ነው፤ ቀሪውን አብረን እንጠብቃለን፤ ካመመዎ ይምጡ፣ ማንንም አያስቸግሩም።» የመጨረሻይቱን ሐረግ ሳልናገር ማንንም አላሰናብትም። የዚያ አባት ልጅ የነገረኝ፣ ከመምጣት ያስቀራቸው ይህችን አለመስማታቸው ነበርና።